በተቀልባሽና በኢተቀልባሽ መስፋፋት ጋዝ የሚሠራው ሥራ፦ «ይበልጣል» የሚባለው ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው?

በቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት መግቢያ ላይ ዘወትር ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው። አንድ ሞል አይዲያል ጋዝ በ300 ኬልቪን የሙቀት መጠንና በ10 ባር ግፊት፣ በፒስተን በተዘጋ ሲሊንደር ውስጥ ይገኛል። የሙቀት መጠኑ ሳይለወጥ ግፊቱ ወደ 1 ባር እስኪወርድ ድረስ ቢስፋፋ ምን ያህል ሥራ ይሠራል? ከተማሪው ሁለት መልስ ይጠበቃል። መስፋፋቱ ተቀልባሽ ከሆነ ሥራው 5,743 ጁል ነው፤ የውጭው ግፊት ከመጀመሪያው 1 ባር ሆኖ ፒስተኑ በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ግን 2,245 ጁል ብቻ ይሆናል። ከዚያ «ተቀልባሽ ሂደት ከኢተቀልባሽ ሂደት የበለጠ ሥራ ይሰጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጻፍና ርእሱ ይዘጋል።

ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ሁለቱ ሂደቶች ምን ምን እንደሚጋሩ፣ ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱና ሙቀት ከማን ጋር እንደሚለዋወጡ አይናገርም። እነዚህ ሲዘነጉ ንጽጽሩ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የተገለበጠ ውጤት ይሰጣል። ከዚህ በታች እንደሚታየው ኢተቀልባሽ ሆኖ ሳለ ከተቀልባሹ የበለጠ ሥራ የሚሰጥ መስፋፋትም፣ ከተቀልባሹ ያነሰ ሥራ የሚጠይቅ መጭመቅም አለ። ሁለቱም ከሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ጋር አይጣሉም።

የየትኛው ግፊት?

ተቀልባሽ የሚባለው መስፋፋት በየቅጽበቱ የጋዙ ግፊትና የውጭው ግፊት እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ የሚቀራቸው፣ የውጭውን ግፊት በኢምንት በመጨመር ብቻ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችልና ሲመለስም በሥርዓቱ ላይም ሆነ በከባቢው ላይ ምልክት የማይተው ሂደት ነው። የውስጡና የውጭው ግፊት በተግባር አንድ ስለሆኑ ሥራውን በጋዙ ግፊት ማስላት ይቻላል። ለአይዲያል ጋዝ ውጤቱ የጋዝ ቋሚ ቁጥር፣ የሙቀት መጠንና የግፊቶቹ ንጽጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ብዜት ይሆናል፦ 8.314 × 300 × 2.303፣ ማለትም 5,743 ጁል።

በአንድ ጊዜ በሚለቀቀው መስፋፋት ላይ ግን ሥራው የሚሰላው በውጭው ግፊት ነው። የጋዙ ይዘት ከ2.49 ሊትር ወደ 24.94 ሊትር ሲያድግ ከ1 ባር ጋር የተጋፋበት ሥራ 2,245 ጁል ይሆናል። እዚህ ላይ ነቃ ያለ ተማሪ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። ፒስተኑን የሚገፋው ጋዙ ነው፤ የጋዙ ግፊት ደግሞ ሲነሣ 10 ባር ነው። ታዲያ ለምን በራሱ ግፊት አይሰላም? «መጽሐፉ እንዲህ ስለሚል» የሚለው መልስ ተማሪውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳምነውም።

መልሱ ያለው በፒስተኑ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው። ጋዙ በድንገት ሲለቀቅ ፒስተኑ ይፈተለካል። በዚህ ጊዜ ጋዙ አንድ ግፊት የለውም፤ ከሚሸሸው ፒስተን አጠገብ ያለው ክፍል ሲሳሳ በሲሊንደሩ ወለል በኩል ያለው ገና አልሰማም፤ ወሬው የሚደርሰው በድምፅ ፍጥነት ነው። ስለዚህ «የጋዙ ግፊት» ተብሎ በቀመር ውስጥ የሚገባ ነጠላ ቁጥር በሂደቱ መካከል አይገኝም። በፒስተኑ ገጽ ላይ ያረፈውን እውነተኛ ግፊት መለካት ቢቻል፣ በዚያ የሚሰላው ሥራ በከባቢው ላይ የተሠራው ሥራና ፒስተኑ በዚያች ቅጽበት የያዘው እንቅስቃሴያዊ ጉልበት ድምር ነው። ፒስተኑ ከሚዛን ቦታው አልፎ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይመጣል፤ እየተወዛወዘ በጋዙ ውስጣዊ ሰበቃ ኃይሉ ይደክምና ይቆማል። ሲቆም እንቅስቃሴያዊ ጉልበቱ ዜሮ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ስሌቶች ይገናኛሉ፤ የጋዙ ሥራ በትክክል የውጭው ግፊትና የይዘቱ ለውጥ ብዜት ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ፒስተኑ በራሱ ከመቆሙ በፊት በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በተተከለ ማቆሚያ ሲጋጭ ነው። እንቅስቃሴያዊ ጉልበቱ በግጭቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት ወደ ጋዙ ተመለሰ ወይስ ወደ ከባቢው ሄደ? «ሥርዓቱ» ጋዙ ብቻ ነው ወይስ ፒስተኑንና ማቆሚያውን ይጨምራል? የሥራው መጠን በዚህ ምርጫ ይወሰናል። ዳንኤል ኪቭልሰንና ኢርዊን ኦፐንሃይም ይህንኑ የኢተቀልባሽ መስፋፋት ሥራ ጉዳይ በ1966 በአሜሪካው የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት ላይ ራሱን ችሎ እንዲወጣ ማድረጋቸው ጥያቄው የጀማሪ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በመማሪያ ጥያቄዎች ውስጥ ሳይነገር የሚታለፈው ግምት ፒስተኑ በመጨረሻ በራሱ ሚዛን ላይ አርፎ መቆሙ ነው።

ሌላም ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ። በአንድ ጊዜ በሚለቀቀው መስፋፋት «የሙቀት መጠኑ አይለወጥም» ማለት በሂደቱ መካከል ጋዙ 300 ኬልቪን ነበር ማለት አይደለም። በመካከል ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ይለያያል። የማይለወጠው ሲሊንደሩ የተነከረበት ትልቅ የሙቀት ማጠራቀሚያ ነው፤ ጋዙ መጨረሻ ላይ ከእርሱ ጋር ይስተካከላል።

በእርከን መውረድ

በአንድ ጊዜ ከመልቀቅና ከተቀልባሽነት መካከል ያለውን መንገድ ለማየት የተለመደው መሣሪያ በፒስተኑ ላይ የተጫነ ክብደት ነው። ክብደቱ አንድ ድፍን ድንጋይ ከሆነ ሲነሣ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሁለት ቦታ ቢከፈልና ግፊቱ መጀመሪያ ወደ 3.16 ባር፣ ቀጥሎ ወደ 1 ባር ቢወርድ ሥራው 3,411 ጁል ይደርሳል። እኩል የግፊት ንጽጥር ባላቸው ዐሥር እርከኖች ሲወርድ 5,130 ጁል፣ በመቶ እርከኖች ደግሞ 5,678 ጁል ይሆናል። ከተቀልባሹ ሥራ የሚጎድለው በዐሥር እርከን 613፣ በመቶ እርከን 66 ጁል መሆኑን ልብ ይሏል፤ የእርከኖቹ ቁጥር ዐሥር ጊዜ ሲያድግ ጉድለቱ ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ክብደቱ የጤፍ ክምር ሆኖ ፍሬ በፍሬ ቢነሣ ጉድለቱ ከመለኪያ ያመልጣል፤ ዜሮ ግን አይሆንም።

መልሶ መጭመቁ የበለጠ ያስተምራል። ጋዙን በ300 ኬልቪን ወደ 10 ባር ለመመለስ፣ በአንድ ጊዜ 10 ባር የሚያሳርፍ ክብደት ቢጫንበት የሚጠይቀው ሥራ 22,448 ጁል ነው። ለመስፋፋቱ የተገኘው 2,245 ጁል ስለነበረ ጋዙ ወደ ነበረበት ሲመለስ በከባቢው ላይ 20,203 ጁል ሥራ ወደ ሙቀትነት ተለውጦ ይቀራል። በሁለት እርከን መጭመቁ 10,786፣ በዐሥር እርከን 6,458፣ በመቶ እርከን 5,810 ጁል ይጠይቃል። የመስፋፋቱ ቁጥሮች ከታች፣ የመጭመቁ ቁጥሮች ከላይ ተነሥተው ወደ አንድ ወሰን ይቃረባሉ፤ ያ ወሰን 5,743 ነው። በመቶ እርከን ወርዶ በመቶ እርከን የተመለሰ ጋዝ የሚተወው ምልክት 132 ጁል ብቻ ነው። «ተቀልባሽ» የሚለው ቃል መልክ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ዋጋ ያለው ሂደት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በተግባር የማይደረስበት ወሰን ነው።

የጎደለው ሥራ የት ሄደ?

በአንድ ጊዜ የተለቀቀው ጋዝ ከተቀልባሹ 3,498 ጁል ያነሰ ሥራ ሠራ። ይህ ጉልበት ጠፋ ማለት አይቻልም፤ አንደኛው ሕግ ይከለክላል። የአይዲያል ጋዝ ውስጣዊ ጉልበት በሙቀት መጠኑ ብቻ የሚወሰን ስለሆነ በሁለቱም ሂደቶች አይለወጥም፤ ጋዙ የሠራውን ያህል ሙቀት ከማጠራቀሚያው ይወስዳል። በተቀልባሹ 5,743 ጁል፣ በሌላው 2,245 ጁል። ስለዚህ ያ 3,498 ጁል ማጠራቀሚያው ውስጥ፣ በሙቀትነቱ፣ እንደተቀመጠ ነው። የጠፋው ጉልበቱ ሳይሆን ወደ ሥራ የሚለወጥበት አጋጣሚ ነው።

የዚህ ሒሳብ መዝገብ ኢንትሮፒ ነው። መነሻና መድረሻው አንድ ስለሆነ የጋዙ ኢንትሮፒ በሁለቱም ሂደቶች በ19.14 ጁል በኬልቪን ያድጋል። ማጠራቀሚያው በተቀልባሹ ሂደት ይህንኑ ያህል ሲያጣ ድምሩ ዜሮ ይሆናል፤ በሌላው ግን የሚያጣው 7.48 ብቻ ነው። አዲስ የተፈጠረው ኢንትሮፒ 11.66 ጁል በኬልቪን ሲሆን በ300 ኬልቪን ሲባዛ ያንኑ 3,498 ጁል ይሰጣል። የጠፋው ሥራ የከባቢው የሙቀት መጠንና የተፈጠረው ኢንትሮፒ ብዜት ነው የሚለው ድንጋጌ በፈረንሳዊው ሉዊ ጆርጅ ጉዊና የእንፋሎት ተርባይን ሊቅ በነበረው አውሬል ስቶዶላ ስም ይጠራል፤ ጉዊ ጽሑፉን ያወጣው በ1889 ነበር።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ አንድ ሌላ ነገር አለ። የውጭው 1 ባር የክብደት ሳይሆን የከባቢ አየር ግፊት ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ የተለቀቀው ጋዝ የሠራው 2,245 ጁል በሙሉ የዋለው አየርን ለመግፋት ነው። ክብደት አላነሣም፤ ጎማ አላዞረም። ጥቅም ላይ የዋለው ሥራ ዜሮ ነው። ተቀልባሹም ቢሆን ከ5,743 ጁል ውስጥ 2,245ቱን ለአየር መክፈል አለበትና ለጥቅም የሚተርፈው 3,498 ጁል ነው። ቁጥሩ ከጠፋው ሥራ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የተለቀቀው ጋዝ ሊሰጥ ይችል የነበረውን ጥቅም በሙሉ አጥቷል። ጥያቄው ሁልጊዜ «5,743 ወይስ 2,245» ተብሎ ሲቀርብ አንባቢው ኢተቀልባሹ ቢያንስ ከተቀልባሹ ሲሶ በላይ ሥራ ሰጠ ብሎ ይገምታል። ጥቅም ላይ በሚውል ሥራ ሲለካ ግን ንጽጽሩ 3,498 ለዜሮ ነው።

የከባቢው ግፊት በስሌቱ ውስጥ መግባቱ በከፍታ ቦታ ለሚሠራ ተመራማሪ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ በምትለው አዲስ አበባ የአየር ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው። ያው በ10 ባርና በ300 ኬልቪን ያለ ጋዝ ወደዚህ ግፊት ቢስፋፋ የተቀልባሹ ሥራ ወደ 6,395 ጁል ያድጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው ግን 2,302 ጁል ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው በ652 ጁል ሲያድግ ሁለተኛው በ57 ጁል ብቻ ነው ያደገው። ለጥቅም ሊተርፍ የሚችለው ከፍተኛ ሥራ 4,093 ጁል ሲሆን በ1 ባር ከባቢ ከሚገኘው በ17 በመቶ ይበልጣል። ትርፉ ነጻ ስጦታ እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት፤ ስስ አየርን ወደ 10 ባር የሚጨምቀው መጭመቂያም ቢያንስ ይህንኑ ያህል ተጨማሪ ሥራ ይከፍላል። ከመጽሐፍ የተቀዳ የ1 ባር ስሌት ከአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ልኬት ጋር ሳይገጥም ሲቀር አንዱ ምክንያት እዚህ ሊፈለግ ይገባል።

መድረሻው ሲለያይ

እስካሁን ንጽጽሩ የቀለለው ሁለቱ ሂደቶች መነሻቸውም መድረሻቸውም አንድ ስለነበረ ነው። ሲሊንደሩ ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ከተሸፈነ፣ ማለትም መስፋፋቱ አዲያባቲክ ከሆነ፣ ይህ ይፈርሳል። ጋዙ እንደ አርጎን ነጠላ አቶሞች ያሉት ነው እንበል። ከ300 ኬልቪንና ከ10 ባር ተነሥቶ በተቀልባሽ መንገድ ወደ 1 ባር ሲስፋፋ ወደ 119.4 ኬልቪን ይቀዘቅዛል፤ ሥራውን የሚከፍለው ከውስጣዊ ጉልበቱ ስለሆነ 2,252 ጁል ይሠራል። ከመነሻው 1 ባር የውጭ ግፊት ገጥሞት በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ግን የሚቆመው በ192 ኬልቪን ሲሆን ሥራው 1,347 ጁል ነው። ሁለቱም 1 ባር ላይ ደርሰዋል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ አልደረሱም። ጥቂት የሠራው ጋዝ ጥቂት ስለከፈለ ሞቅ ብሎና ሰፋ ብሎ ቀርቷል።

የተለመደው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ነው። ተማሪው የተቀልባሽ አዲያባቲክ ቀመርን ተጠቅሞ 119.4 ኬልቪንን ያገኛል፤ ያንኑ የሙቀት መጠን ለኢተቀልባሹም ይወስድና ሁለቱ ሥራዎች እኩል ሆነው ሲያገኛቸው ይደናገራል። ቀመሩ በየቅጽበቱ ሚዛን እንዳለ ተገምቶ የተገኘ ስለሆነ በድንገት ለተለቀቀ ጋዝ አይሠራም። ለዚያ ያለው መነሻ የጉልበት ሒሳብ ብቻ ነው፤ የውስጣዊ ጉልበቱ መቀነስ በውጭው ግፊት ከተሠራው ሥራ ጋር እኩል ይደረግና የመጨረሻው የሙቀት መጠን ከዚያ ይወጣል።

ከግፊት ይልቅ የሙቀት መጠንን የጋራ መድረሻ ማድረግ ነገሩን በይበልጥ ያጠራዋል። ሁለቱም ጋዞች 192 ኬልቪን ላይ ቢቆሙ የሠሩት ሥራ እኩል 1,347 ጁል ነው፤ በአዲያባቲክ መስፋፋት የአይዲያል ጋዝ ሥራ ከሙቀት መጠኑ ለውጥ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚህ መለኪያ ተቀልባሹ ምንም ብልጫ የለውም። ልዩነቱ የሚታየው ተቀልባሹ 192 ኬልቪን ሲደርስ ግፊቱ ገና 3.28 ባር መሆኑ ሲስተዋል ነው። ያንኑ ሥራ ሠርቶ ገና ሊጠቀምበት የሚችል ግፊት በእጁ አለ፤ ሌላው ጋዝ ግን 1 ባር ላይ ወርዶ ጨርሷል። ከ3.28 ባር ወደ 1 ባር ያለው ውድቀት ዋጋ ሳይከፈልበት ቀረ። የዚህ የግፊት ንጽጥር ሎጋሪዝም በጋዝ ቋሚ ቁጥር ሲባዛ 9.87 ጁል በኬልቪን ይሆናል፤ ይህም በድንገት በተለቀቀው መስፋፋት የተፈጠረው ኢንትሮፒ ነው።

የዚህ ውድቀት ፍጹም ምሳሌ ጄምስ ጁል በ1845 ያካሄደው ሙከራ ነው። እስከ 22 አትሞስፌር በታመቀ አየር የተሞላ የመዳብ ዕቃ ባዶ ከሆነ ሌላ ዕቃ ጋር በቧንቧ ተገናኝቶ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ተነክረው ነበር። ቧንቧው ሲከፈት አየሩ ወደ ባዶው ዕቃ ጎረፈ፤ የውኃው የሙቀት መጠን ግን ሊለካ የሚችል ለውጥ አላሳየም። የውጭ ግፊት ስላልነበረ ሥራ አልተሠራም፤ ሥራ ስላልተሠራም ጉልበት አልተከፈለም። የውኃው የሙቀት አቅም ትልቅ ስለነበረ በእውነተኛ አየር ላይ የሚከሠተው ጥቂት መቀዝቀዝ ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ጁል ራሱ ከዊልያም ቶምሰን ጋር በ1850ዎቹ ባካሄዳቸው ሙከራዎች ይህ ተስተካክሏል።

የተገለበጠ ንጽጽር

አሁን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ። በ300 ኬልቪን ማጠራቀሚያ ውስጥ በሁለት እርከን፣ በግልጽ ኢተቀልባሽ በሆነ መንገድ፣ ከ10 ወደ 1 ባር የተስፋፋው ጋዝ 3,411 ጁል ሠራ። ተሸፍኖ በተቀልባሽ መንገድ ወደዚያው 1 ባር የተስፋፋው ጋዝ 2,252 ጁል ሠራ። ኢተቀልባሹ በለጠ። በአንድ እርከን የተለቀቀው እንኳ 2,245 ጁል ሰጥቶ ከተቀልባሹ አዲያባቲክ ጋር ሊተካከል ጥቂት ነው የቀረው።

ሁለተኛው ሕግ አልተጣሰም። የመጀመሪያው ጋዝ ሙቀት የሚያቀብለው ማጠራቀሚያ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። መድረሻቸውም ይለያያል። ተቀልባሽ ሂደት ከፍተኛ ሥራ የሚሰጠው አንድ መነሻ፣ አንድ መድረሻና አንድ የሙቀት ምንጭ ከሚጋሩ ሂደቶች መካከል ብቻ ነው። በፈተና ወረቀቶች ላይ «የበለጠ ሥራ የሚሰጠው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ እነዚህ ሦስቱ ሳይጠቀሱ ሲቀርብ መልስ ያለው ጥያቄ አይደለም ማለት ይቻላል።

ዝግታ ተቀልባሽነት አይደለም

ሌላው የሚያሳስት ልማድ «ተቀልባሽ» የሚለውን «ዝግተኛ» በሚለው መተካት ነው። ዝግታ አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ጋዝ በቀጭን ቀዳዳ ለአንድ ሳምንት እየሰረገ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው ቢተላለፍ ከዚህ የሚዘገይ የለም፤ ሆኖም የጁል ሙከራ ተመሳሳይ ነው። ሰበቃ ያለበት ፒስተንም ምንም ያህል ቀስ ቢል ግፊቱን ሲያሰፋም ሲጨምቅም ለሰበቃው ይከፍላል። መመዘኛው ሰዓት ሳይሆን ሚዛን ነው፤ በጋዙና በሚገፋው ነገር መካከል የግፊት፣ በጋዙና በማጠራቀሚያው መካከል የሙቀት መጠን ልዩነት አለ ወይ የሚለው ነው። ሳዲ ካርኖ በ1824 የእንፋሎት ሞተርን ሲመረምር የሙቀት መጠን ለውጥ ሁሉ ከይዘት ለውጥ ጋር ተያይዞ ካልመጣ ኪሳራ ነው ያለው ይህንኑ ነበር። «ዝግተኛ» የሚባለውም በሰው ትዕግሥት አይለካም። በጥቂት ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ግፊቱ በሺኛ ሰከንዶች ይስተካከላል፤ የሙቀት መጠኑ ግን በግድግዳው በኩል ለመስተካከል ከዚያ እጅግ የበዛ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ መስፋፋት ለግፊት ዝግተኛ፣ ለሙቀት ግን ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ በቤተ ሙከራ «አይሶተርማል» ተብሎ የተመዘገበው ልኬት ወደ አዲያባቲክ ያዘነብላል።

በፍጹም ተቀልባሽ የሆነ ሞተር በአንድ ሰከንድ የሚሰጠው ሥራ ዜሮ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከርዞንና አልቦርን በ1975 ያቀረቡት ስሌት የሚነሣው ከዚህ ነው። ሙቀት ወደ ሞተሩ ለመግባት የሙቀት መጠን ልዩነት ስለሚፈልግ፣ ከፍተኛ አቅም የሚገኘው ጥቂት ኢተቀልባሽነትን በመቀበል ነው። የሞተር ንድፍ ሠሪ ዘወትር የሚሠራው ኢተቀልባሽነትን ማጥፋት ሳይሆን የት ቦታ ቢገባ በርካሽ እንደሚያልፍ መምረጥ ነው።

ይህ ምርጫ በጉልህ የሚታይበት አንድ ተቋም በጀርመን ሁንትዶርፍ በ1978 ሥራ የጀመረው፣ በታመቀ አየር ጉልበት የሚያጠራቅም የኤሌክትሪክ ጣቢያ ነው። ፍላጎት ዝቅ ባለበት ሰዓት አየር ተጨምቆ ከመሬት በታች በጨው ውስጥ በተቦረቦሩ ሁለት ዋሻዎች ይከማቻል፤ ፍላጎት ሲንር ተለቆ ተርባይን ያዞራል። መጭመቁ በእርከን ሆኖ በየመካከሉ አየሩ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱን ቀለል ባለ ስሌት ማየት ይቻላል። በ300 ኬልቪን ያለን አየር ከ1 ወደ 64 ባር በአንድ እርከን፣ በተቀልባሽ አዲያባቲክ መንገድ የሚጨምቅ መሣሪያ ለአንድ ሞል 19.9 ኪሎ ጁል ይጠይቃል፤ አየሩም ወደ 984 ኬልቪን ይግላል። ሥራው በሦስት እርከን ተከፍሎ ከእያንዳንዱ በኋላ አየሩ ወደ 300 ኬልቪን ቢቀዘቅዝ የሚያስፈልገው 12.7 ኪሎ ጁል ነው። ፍጹም አይሶተርማል ቢሆን 10.4 ይበቃ ነበር። በየመካከሉ የሚደረገው ማቀዝቀዝ ሙቀትን ያለ ሥራ ወደ አየር የሚለቅ፣ በግልጽ ኢተቀልባሽ የሆነ ድርጊት ነው፤ ይሁንና ከተቀልባሹ ነጠላ እርከን ከሲሶ በላይ ሥራ ያድናል።

እዚህም መድረሻው ይለያያል። በነጠላ እርከን የተጨመቀው አየር 984 ኬልቪን ላይ ነው፤ ያ ግለት ራሱ ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችል ሀብት ነው። ዋሻው ግን ያን ያህል የጋለ አየር አይችልምና ሀብቱ ለማንኛውም ይጣል ነበር። በሁንትዶርፍ ሙቀቱ ስለሚጣል አየሩ ሲለቀቅ ከመስፋፋቱ በፊት በተፈጥሮ ጋዝ ቃጠሎ እንደገና ይሞቃል። በ1991 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ማኪንቶሽ የተከፈተው ሁለተኛው ጣቢያ ከተርባይኑ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ መልሶ አየሩን ለማሞቅ በመጠቀም የነዳጁን ፍጆታ ቀንሷል። የመጭመቁን ሙቀት ሳይጥሉ አጠራቅሞ ለመስፋፋቱ መመለስ ቃጠሎውን ጨርሶ ያስቀራል፤ ለዚያ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዲግሪዎችን ለሰዓታት የሚይዝ ማጠራቀሚያና ግለቱን የሚችል መጭመቂያ ያስፈልጋል።